መድኃኒት ብቻውን አይዋጋም



የሰው ልጅ ስማቸውን ለመጥራት እንኳ ከሚፈራቸው ደዌዎች አንዱ ነቀርሳ ነው። ከሮቤና ከጎባ ብዙ ሕሙማን ለሕክምና እስከ አዲስ አበባ ይጓዛሉ፤ መንገዱም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ታዲያ መድኃኒቱ ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው ሳይሠራ ሲቀር፥ «ዕድሉ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ከዕድል ሌላ ምክንያት እንዳለ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ነገሩን እንድመረምር ያነሣሡኝ አክስቴ ናቸው። የጡት ነቀርሳ ይዟቸው በዚህ ዓመት በየካቲት ወር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ኬሞቴራፒ ጀመሩ። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ወደ ጎባ መጥተው፥ «አብራኝ የምትታከም አንዲት ሴት ነበረች፤ መድኃኒታችን አንድ ነው። የኔ እብጠት ሲቀንስ የሷ ጨመረ። ነገ የኔም እንደሷ ከሆነ ልፋቱ ለምኔ? ከእንግዲህ አልመለስም» አሉ። ቤተ ዘመዱ ሁሉ ዝም አለ። እኔም የምመልሰው ስላጣሁ ወደ ባዮሎጂ መምህራችንና ወደ መጻሕፍት ሄድሁ።

ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው። በሰውነታችን ውስጥ በሽታን የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። እነዚህ ወታደሮች እርስ በርሳቸውና ከሌሎች ሴሎች ጋራ የሚነጋገሩት ሳይቶካይን በተባሉ ረቂቅ መልእክተኞች ነው። መልእክተኛው በሌላው ሴል ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ሲያርፍ፥ ቁልፍ ጓጉንቸርን እንደሚከፍት ሁሉ፥ «ተባዛ» ወይም «ጠንክር» ወይም «ሙት» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋል። ኬሞቴራፒ የነቀርሳውን ሴል ሲመታ፥ ሴሉ መሞቱ ወይም መትረፉ በከፊል የሚወሰነው በዚህ ትእዛዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 ስም የወጣለት ቲኤንኤፍ የተባለው መልእክተኛ ለመድኃኒቱ በር ይከፍታል። የአውሮፓ ሐኪሞች ነቀርሳ የወጣበትን እግር ወይም ክንድ ከሌላው የደም ዝውውር ለይተው፥ ይህን መልእክተኛ ሜልፋላን ከተባለው መድኃኒት ጋራ ይሰጡታል። የእብጠቱን የደም ሥሮች ስለሚያሳሳ መድኃኒቱ በብዛት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአውሮፓ የተፈቀደው ይህ ሕክምና ሊቆረጥ የነበረውን እግር ከመቆረጥ ያድናል።

ሆኖም መልእክተኛ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ኢንተርሊውኪን 6 የተባለው ለጤነኛው ሰውነት ጠቃሚ ቢሆንም፥ ነቀርሳው ሲያገኘው ጋሻ ያደርገዋል። ማየሎማ በተባለው የመቅኔ ነቀርሳ፥ ይህ መልእክተኛ ሲበዛ ሴሎቹ ዴክሳሜታዞን የተባለውን መድኃኒት ይቋቋማሉ። እንግዲህ አንድ መድኃኒት በሁለት ሰዎች ሰውነት ውስጥ ሁለት ዓይነት አቀባበል ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው።

ይህን ለአክስቴ በቀላል ቃል ነግሬ፥ «የሷ ሰውነት የእርስዎ አይደለም፤ የእርስዎ እብጠት እየቀነሰ ነው» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲያስ የኔን በኔ ይዩት» አሉና ለአራተኛው ዙር ተሳፈሩ። ሕክምናቸው ገና አላለቀም፤ መጨረሻውን ፈጣሪ ያውቃል።

ከዚህ ዕውቀት አንዱ ክፍል ከአገራችን ተራራ የተገኘ ነው። አጣጥ፥ በኦሮምኛ ኮምቦልቻ የምንለው ቁጥቋጦ ዘመዶቹ በባሌ ደኖችም ይበቅላሉ። ኩፕቻን የተባሉት አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅና ጓደኞቻቸው ከዚሁ ወገን ከሆነ፥ ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ተክል፥ እ.ኤ.አ. በ1972 ሜይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሴል እንዳይከፋፈል የሚያግድ ብርቱ መርዝ ነው፤ ብቻውን ለሕሙማን ሲሰጥ ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ስለበለጠ ተተወ። ኋላ ሊቃውንት ከእሱ የተሠራውን መርዝ ከፀረ እንግዳ አካል ጋራ አጣመሩት፤ ፀረ እንግዳ አካል ማለት ሰውነት ጠላቱን ለይቶ የሚይዝበት መሣሪያ ነው። ጥምሩ ኸር 2 የተባለ ምልክት የበዛበትን የጡት ነቀርሳ ሴል ይዞ መርዙን በውስጡ ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ተፈቀደ። ይህን ሰምቶ ግን የአጣጥን ቅጠል ቀቅሎ የሚጠጣ እንዳይኖር አደራ እላለሁ፤ መርዙን መድኃኒት ያደረገው የብዙ ዓመት ምርምርና ልክ ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፥ በጎረቤት ሕመም የራሳችሁን አትፍረዱ፤ ሐኪም ሳይፈቅድም ሕክምና አታቋርጡ። ጓደኞቼ ሆይ፥ ባዮሎጂንና ኬሚስትሪን ለፈተና ብቻ አናጥና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ መድኃኒቱን ከሰውነታችን ኃይል ጋራ የሚያስተባብር ሊቅ ከባሌ ደጋ ልጆችም ሊነሣ ይችላልና።