ከዛፍ የሚንጠባጠብ ግሉኮስ

ኦታዋ ውስጥ መጋቢት ብርዱ አልወጣ፣ ሙቀቱ አልገባ ያለበት ወር ነው። ሌሊት ከዜሮ በታች አምስትና ስድስት ዲግሪ ይወርዳል፤ ቀን ፀሐይ ስትወጣ ከዜሮ በላይ ትንሽ ከፍ ይላል። በረዶው ጠዋት ድንጋይ፣ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ነው። ልጄ በየቀኑ ከመውጣቷ በፊት “እማዬ፣ ደጅ እንዳትወጪ፤ ያንሸራትትሻል” ትለኛለች። የአገሩ ሰው ግን ይህን ጊዜ ይናፍቀዋል፤ ሜፕል የሚታለብበት ወር ነዋ።

ሜፕል ቅጠሉ በካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው ዛፍ ነው። ከግንዱ የሚወጣው ውሃ ተፍልቶ ሽሮፕ ይሆናል። ሽሮፕ ሲባል እኛ የሳል መድኃኒት ነው የሚመጣብን፤ እነሱ ግን ቁርስ ላይ የሚያፈሱት ነው። ከዓለም ምርት አብዛኛው የሚገኘው ከኦታዋ ወንዝ ማዶ ካለው ከኬቤክ ክፍለ ሀገር ነው። ሥራውም ፈረንጅ ያመጣው አይደለም። አኒሺናቤን የመሳሰሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ከዚህ ዛፍ ስኳር ያወጡ ነበር።

ትልልቆቹ አምራቾች ከዛፍ ዛፍ የፕላስቲክ ቱቦ ዘርግተው ነው የሚሠሩት። እኔ ያየሁት ግን የጓሮ ሥራ ነው። የልጄ ጎረቤት ሰማንያ ዓመት የሞላቸው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ሩቅ ከተማ የሚኖሩ ሰው ናቸው። የልጅ ልጄ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ እኔ ግን አልሆነልኝም፣ “አባባ” አልኳቸው። ትርጉሙ ሲነገራቸው ደስ አላቸው። በእሳቸው ጓሮ ሁለት፣ በልጄ ጓሮ ሁለት ሜፕል አለ፤ አራቱንም የሚያልቡት እሳቸው ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ደንቡ ግን ጥብቅ ነው። የግንዱ ውፍረት ከጎን ወደ ጎን ሲለካ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያልደረሰ ዛፍ አይነካም። በመሰርሰሪያ ስምንት ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ቀዳዳ ይበሳል፤ ውሃው ወደ ውጭ እንዲወርድ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ትንሽ ሽቅብ ይላል። ከዚያ ትንሽ ማፍሰሻ በመዶሻ ቀስ ተደርጎ ይገባል፣ ባልዲ ይንጠለጠላል፣ ዝናብ እንዳይገባ ይከደናል። በሚቀጥለው ዓመት ከአሮጌው ቀዳዳ ራቅ ብሎ ሌላ ይበሳል፤ አሮጌውን ዛፉ ራሱ ይደፍነዋል። ይህን ስሰማ በወጣትነቴ የሠራሁበት መተማ ትዝ አለኝ። የዕጣን ዛፍም የሚሰጠው ቆስሎ ነው፤ ልኩን ካላወቁለት ይደክማል።

ፈሳሹ የሚወጣው በብርድና በሙቀት መፈራረቅ ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ዛፉ ከሥሩ ውሃ ይስባል፤ ቀን ሲሞቅ ውስጡ ግፊት ይፈጠርና በቀዳዳው ይወጣል። ጠብታውን እንዳየሁ እጄ ወደ ሰዓቴ ሄደ። ዕድሜ ልኬን ግሉኮስ ሰቅዬ ጠብታ ስቆጥር ኖሬያለሁ! የልጅ ልጄን አጠገቤ አቁሜ በአማርኛ አስቆጠርኩት። ሠላሳ ላይ ይደነቃቀፍ የነበረው ልጅ በሳምንቱ በደቂቃ ሰባ ጠብታ ሳይሳሳት ቆጠረልኝ። እኛ የምንሰቅለው ግሉኮስ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ነው፤ የዛፉ ስኳር 2 በመቶ ገደማ ነው። ሲቀምሱት ውሃ ነው፤ ጣፋጭነቱ ከዋጡት በኋላ በምላስ ጫፍ ይቀራል።

ስለዚህ አንድ ሊትር ሽሮፕ 40 ሊትር ያህል ውሃ ይፈጃል። ውሃው እንደ ወተት ነው፤ ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠና ቶሎ ካልተፈላ ይበላሻል። የሚፈላው ደጅ ነው፤ ቤት ውስጥ ከሆነ እንፋሎቱ ግድግዳውን ያረጥበዋል። አባባ በብሎኬት ምድጃ ላይ ሰፊ መጥበሻ ጥደው ከጠዋት እስከ ማታ እንጨት ይማግዳሉ። መድረሱ የሚታወቀው ሙቀቱ ውሃ ከሚፈላበት በአራት ዲግሪ ሲበልጥ ነው፤ እዚያ 104 ገደማ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሒሳቡ ሌላ ይሆን ነበር። ከዚያ በወፍራም ጨርቅ ተጠልሎ በትኩሱ ጠርሙስ ይገባል።

በሁለተኛው ሳምንት ዓይኔ ከዛፉ ወደ ሰውየው ሄደ። ሁለት ባልዲ ይዘው ሃያ እርምጃ ከሄዱ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታቸው። ቦት ጫማቸውን ሲያወልቁ ካልሲው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ገብቶ ጥልቅ ምልክት ትቷል። በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ አልሞላ አለ። ልጄን አስተርጓሚ አድርጌ ሌሊት በስንት ትራስ እንደሚተኙ ጠየቅኳቸው። “በሦስት፣ አንዳንዴ ወንበር ላይ” አሉ። ይህ እንደኔ ላለ ሰው በቂ ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ አልኳቸው፤ ወሩ ይለቅና እሄዳለሁ አሉ። ዛፉ የሚሰጠው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው፤ አሳዘኑኝ። እኔም እሳቱ አጠገብ ተቀምጬ ካልሄዱ አልነሳም አልኩ። ልጄ “እማዬ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይባልም” ብላ ልትተረጉምልኝ አልፈለገችም። በእጄ መኪናዋን ሳሳያቸው ገባቸው።

ልባቸው ደክሞ ሳንባቸው ውሃ ይዞ ነበር። አራት ቀን ተኝተው፣ ውሃ የሚያሸና መድኃኒት ተስተካክሎላቸው፣ ከባድ ነገር እንዳያነሱ ተነግሯቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ባልዲ የሚሸከሙት አማቼና የልጅ ልጄ ሆኑ፤ አባባ ወንበር ላይ ሆነው ያዛሉ።

ወሩ ዐቢይ ጾም ነበርና ከዛፍ የመጣ ነገር ጾም አያስፈታም ብዬ በዳቦ ቀመስኩት። ማር አይደለም፤ የተቃጠለ ስኳርና የእንጨት ጠረን አለው። እኔ ስኳር ያለብኝ ሰው ስለሆንኩ አንድ የሻይ ማንኪያ በቃኝ። “ከተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም” የሚል ሰው እዚያም አለ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሽሮፕ 12 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር መሆኑ ነው። ዘመድ ከካናዳ ጠርሙስ ቢያመጣላችሁ ይህን ቆጥራችሁ ቅመሱ፤ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ይቅርበት።

ሚያዝያ ሲገባ እንቡጡ ማበጥ ጀመረ። ያኔ የውሃው ጣዕም ይበላሻል፣ ሥራው ያልቃል። ማፍሰሻዎቹን የልጅ ልጄ ነቀላቸው፤ እኔ በፈላ ውሃ ቀቀልኳቸው። ከአራቱ ዛፍ ሦስት ሊትር ተኩል ወጣ። አባባ እኩል አካፍለው መሰርሰሪያውን ከእኛ ድርሻ ጠርሙሶች ጋር ለልጁ ሰጡት። በማግስቱ ለመድኃኒታቸው ሲመጡ አላነሱትም። ሻይ ጠጡ፣ እግራቸውን አየሁ፣ እብጠቱ ጎድሏል፣ ሄዱ።