«እሺ፣ መጣሁ»

ስልኬ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጮኸ። ክፍያ የሚቀበለው ሲስተማችን ስታክ አድርጓል። አልሞተም፤ ግን ለማንም አይመልስም።

ጥፋቱ የኔ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ለእያንዳንዱ ክፍያ 5 ሰከንድ ሰጥቻለሁ። በጃቫ «ፊውቸር» ላይ «ጌት» ስትል የጊዜ ገደብ ትጽፋለህ፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ታይምአውት ይመጣል፣ አለቀ።

አላለቀም። ሳየው 20ዎቹም ትሬዶች እየሠሩ ናቸው፤ አዲስ የመጣው ሁሉ ተሰልፏል። ለካ 5 ሰከንዱ ሲያልፍ መጠበቅ ያቆምኩት እኔ ነኝ እንጂ ሥራውን ያቆመ የለም። ደንበኛውን «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» እንለዋለን፤ የመጀመሪያው ሙከራ ግን ከኋላ ቀጥሏል። ሰው ሁለቴ ሊከፍል ነው።

በንዴት መጀመሪያ ያሰብኩት መግደል ነበር። ጃቫ «ስቶፕ» የሚባል ትእዛዝ ነበራት። ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣው 1.2 ጀምሮ አትጠቀሙበት ተብሏል፤ በ2023 ከወጣው ጃቫ 20 ወዲህ ደግሞ ስትጠራው ስህተት ብቻ ነው የሚመልስልህ። ልክ ናቸው። ትሬዱ ከአንዱ ሒሳብ 500 ብር ቀንሶ ሌላው ላይ ሳይጨምር ቢገደል፣ የያዘው ቁልፍ ይለቀቃል፤ ሌሎቹ ገብተው ጎዶሎውን ሒሳብ እንደ ሙሉ ያነቡታል።

ስለዚህ የቀረህ ልመና ነው። «ካንስል» ላይ «ትሩ» ብለህ ስትጠራው ትሬዱ ኢንተራፕት ይደረጋል፤ ትከሻውን ነካ አድርጎ «በቃህ» እንደማለት። መስማት አለመስማት የሱ ፋንታ ነው።

ጨመርኩት። ግማሾቹ አሁንም አልቆሙም።

ኮዱን ወደ ታች ወረድኩ። ክፍያው እንቢ ሲል ትንሽ ተኝቶ ደግሞ የሚሞክር ሉፕ አለ። ትሬዱ ተኝቶ ሳለ ሲጠራ ይነቃል፣ ኤክሰፕሽን ይወረወራል፣ የመጠራቱ ምልክትም ይጠፋል። ኤክሰፕሽኑን የሚቀበለው ካች ግን ባዶ ነው። ሉፑ ምንም እንዳልተባለ ይቀጥላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እናቴ ትዝ አለችኝ። ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ «ና ብላ፣ ቀዘቀዘ» ስትለኝ «እሺ፣ መጣሁ» እላለሁ። እሺ ካልኩ በኋላ ጥሪው ከጭንቅላቴ ይጠፋል። ዝም ብል ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ደግማ ትጠራኝ ነበር።

ካቹ ውስጥ ምልክቱን መልሼ አስቀመጥኩና ከሉፑ እንዲወጣ አደረግኩ። የቀሩት ከሶኬት መልስ የሚጠብቁ ነበሩ፤ ተራ ሶኬት ላይ የተቀመጠ ትሬድ ኢንተራፕት ቢደረግም አይነቃም። ለነሱ ገደቡን ሶኬቱ ላይ አሰርኩት። ደንበኛውንም «አልተሳካም» ማለቱን ትተን «እያጣራን ነው» እንዲባል አደረግን። ታይምአውት ማለት አላወቅንም ማለት እንጂ አልተከፈለም ማለት አይደለም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እናቴ በሩን ገፋ አደረገችው። «አልተኛህም እንዴ? ና ቁርስ ብላ።»

«እሺ፣ መጣ...» አልኩና ላፕቶፑን ከድኜ ተነሳሁ።