የግሩፑ አድሚን

መልእክቴን ማን እንዳየው፣ ማን እንዳላየው ማወቅ እወዳለሁ። ኑዛዜዬ ከዚህ ይጀምራል።

በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የተፋሰስ ሥራ ባለሙያ ነኝ። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልጠቅስም። ጋይንትም ሆነ ስማዳ ወይም እስቴ፣ ነገሩ ይመሳሰላል፤ ከተማዋ ደጋው ላይ ናት፣ ከቀበሌዎቹ ከፊሎቹ ግን ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ውስጥ ናቸው። ሥራችን የሚሄደው በቴሌግራም ነው። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ግሩፕ ላይ ይለቀቃል፤ ወረቀቱ ራሱ የሚደርሰው ከቀናት በኋላ ነው። የግሩፑ አድሚን እኔ ነኝ።

በስክሪን መሰብሰብ ለወረዳ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ወረዳኔት በሳተላይት ወረዳዎችን ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ማገናኘት የጀመረው በ1990ዎቹ ነው። ሰው አዳራሽ ገብቶ የአዲስ አበባውን ባለሥልጣን በስክሪን ያዳምጥ ነበር። ያ ስብሰባ ግን ቀጠሮ ነበረው፤ ሲያልቅ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ሰውም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቴሌግራም ግን አብሮን ቤት ይገባል።

መስከረም 2014 ላይ ቴሌግራም በትንንሽ ግሩፖች ውስጥ መልእክቱን እነማን እንዳዩት ለላኪው የሚያሳይ ዝርዝር ጨመረ። ዝርዝሩ ለሰባት ቀን ይቆያል። የዞናችን ከተማ ንፋስ መውጫ በነሐሴ በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ ከተለቀቀች በኋላ ነው፤ ሰዉ የደረሰበትን ገና አፍ አውጥቶ አልተናገረም፣ ጦርነቱም አላበቃም። በዚያ ሰሞን ዝርዝሩን የምከፍተው በፍርሃት ነበር። የአንድ የሥራ ባልደረባ ስም ከታየ በሕይወት አለ፣ ስልኩም በእጁ ነው ማለት ነው። ስም ባየሁ ቁጥር እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ ያው ዝርዝር በኋላ በእጄ ውስጥ ምን እንደሆነ ለመናገር ነው።

ጥርና የካቲት የተፋሰስ ዘመቻ ነው። ገበሬው እርከን ለመሥራት ይወጣል፤ የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች ደግሞ ማታ ማታ ሪፖርት ይልካሉ። ስንት ሰው ወጣ? ስንት ሄክታር ተሠራ? ፎቶውስ የት አለ? እኔ እሰበስብና ወደ ዞን እልካለሁ። ያን ጊዜ ዝርዝሩን የምከፍተው የጎደለውን ለመቁጠር ሆነ። አይቶ ያልመለሰውን ለብቻ፣ ጭራሽ ያላየውን ለብቻ እለይና ስማቸውን ግሩፑ ላይ እለጥፋለሁ። ስሙ የተለጠፈበት ሰው ወዲያው ሲመልስ ደስ ይለኝ ነበር። ደስታው ከእርከኑ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ታዘዙልኝ የሚል ደስታ ነው።

አንድ ማታ በቆላ ቀበሌ የምትሠራ ወጣት ባለሙያ አልመለሰችም። ስሟን ጽፌ «ሥራ ካልፈለግሽ ተናገሪ» አልኩ። በማግስቱ በግል ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ መልእክትዎን ያየሁት አሁን ነው። ኔትወርክ ያለው አምባው ላይ ነው፤ ማታ ጅብ ስላለ ብቻዬን አልወጣም።» አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። እዚያው ቀበሌ ሠርቻለሁ፣ አምባውንም ስልኬን ይዤ ወጥቼዋለሁ። እያወቅሁ ነው የጻፍኩት፤ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት የዞኑ ሰው የእኔን ሪፖርት እየጠበቀ ነበር፣ እሱም ማየቴን ያይ ነበር። ፍርሃቴን ወደ ታች አወረድኩት፤ የመጨረሻዋ ተቀባይ እሷ ነበረች።

ከዚህ የሚከብደኝ ሌላ አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ በዚያው ሰሞን በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለብዙ ወራት ዘለቀ። ዙም ስብሰባ አድምጦ ፍሬ ሐሳቡን የሚጽፍ ረዳት ለደንበኞቹ ያቀረበው በዚያው ዓመት መሆኑን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እኛ ዘንድ ግሩፑ ፀጥ አለ። ሰው ባንኩ ተዘጋበት፣ ልጁ ያለበትን ማወቅ አቃተው፤ እኔ ደግሞ እንቅልፍ ወሰደኝ። ማታ የሚጠይቀኝም የምጠይቀውም አልነበረም። ጎረቤቴ ሌላ አገር ስላለች ልጇ እያለቀሰች ስታጫውተኝ፣ እኔ በልቤ «ምነው ትንሽ ቢቆይ» እያልኩ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ግሩፑም ተመለሰ። አሁን አንዱን ግሩፕ በየርእሱ መከፋፈል ይቻላል፤ የድምፅና የቪዲዮ ስብሰባም እዚያው አለ። በየጊዜው አዲስ ነገር ሲጨመር አስቀድሜ የምሞክረው እኔ ነኝ፤ መሣሪያውን አልጠላም። በጣም የጠቀመኝ ግን መልእክትን በቀጠሮ መላክ ነው፤ ከዓመታት በፊት ጀምሮ እዚያው ነበር፣ እኔ ግን ነክቼው አላውቅም። አሁን የቆላዎቹን መልእክት ወደ ከተማ በሚወጡበት በገበያቸው ቀን፣ ረፋድ ላይ እንዲደርስ አደርገዋለሁ። ሪፖርቱም በዚያው ቀን ይሰጠኛል። ዞን ሲጠይቀኝ «የቆላው ገና ነው» እላለሁ፤ ይህን አረፍተ ነገር ለመናገር ስንት ዓመት እንደፈራሁ ሳስብ አዝናለሁ።

ቃለ ጉባኤ ስለሚጽፈው የዙም ረዳትም ሳስብ የሚያስጨንቀኝ አማርኛ መቻል አለመቻሉ አይደለም። የሚጽፈው ያገኘውን ድምፅ ብቻ ነው። በእኛ ስብሰባ ላይ ደግሞ መናገር የነበረበት ሰው ብዙ ጊዜ መሥመሩ ተቋርጦበታል፤ ያ ሰው በቃለ ጉባኤው ላይ እንደተስማማ ይቆጠራል። በብዕር ስጽፍ እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። አሁን ከተሰብሳቢዎቹ ስም ሥር «መሥመር የተቋረጠባቸው» የሚል ሌላ ዝርዝር እጨምራለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። ያቺን ልጅ የገሠጽኳት በግሩፑ ላይ፣ ባልደረቦቿ እያዩ ነው። ይቅርታ የጠየቅኳት በግል ነው። እሷም «ግድ የለም ጋሼ» ብላ መለሰችልኝ። ጽሑፉን ከሁሉም ስልክ ላይ ማጥፋት እችላለሁ። አላጠፋሁትም፤ ካጠፋሁት ያነበቡት ሰዎች የእሷን ጥፋት ይዘው ይቀራሉ እንጂ የእኔን አያውቁም። እዚያው ከሥሩ መልስ አድርጌ ይቅርታዬን መጻፍ አለብኝ። እስካሁን ያዘገየኝ የዞን አለቆቼም በግሩፑ ውስጥ መኖራቸው ነው።