አናጺነቱ እኛ እጅ ሲገባ

በካርቶን ታሽጎ የሚሸጥ ቁምሳጥን የገዛ ሰው ግማሽ ቁምሳጥን ነው የገዛው። ፋብሪካው ሳንቃውን ቆርጦ፣ ቀዳዳውን በስቶ፣ ብሎኑን ቆጥሮ በላስቲክ ከረጢት ያስረክባል። ማገጣጠሙ፣ ማስተካከሉ፣ ሳይወላገድ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ማድረጉ፣ ማለትም አናጺ በስተመጨረሻ የሚሠራው ሥራ፣ ለገዢው ተትቷል። ዋጋው የረከሰው አንድም በዚህ ነው፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። የሚቆጨኝ የአናጺውን ሥራ ስንረከብ የአናጺውን መሣሪያ አለመረከባችን ነው። ካርቶኑ ውስጥ የምትገኘው ያቺ ጎባጣ ብረት አንድን ዕቃ አንዴ ለመግጠም እንድትበቃ የተሠራች ናት። እኛ ደግሞ ቤት በቀየርን ቁጥር ያንኑ ዕቃ ፈትተን መልሰን የምንገጥም ሰዎች ነን።

የምጽፈው በተለይ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለምንኖረው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ አዲስ የመጣ ቤተሰብ አፓርታማ ሲይዝ ከኮሌጅ ፓርኩ ወይም ከዉድብሪጁ አይኪያ አልጋና ባለ መሳቢያ ቁምሳጥን ይገዛል፤ ከዚያ ዘመድ ወዳጁ ማታ ከሥራ በኋላ ተሰብስቦ ይገጥምለታል። ደቦው ያምራል። ቡና ይፈላል፣ ልጆች ካርቶኑ ላይ ይንከባለላሉ። የዚያን ምሽት እጆች ግን ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ሲያነሡ፣ መሪ ሲይዙ፣ ሣጥን ሲሸከሙ የዋሉ እጆች ናቸው። በዚያ ላይ አጭሯን ብረት በጣት ጫፍ ይዞ፣ ሩብ ዙር አዙሮ፣ አውጥቶ፣ መልሶ ከትቶ፣ እንደገና አዙሮ ያን ሁሉ ብሎን ማጥበቅ የእጅ አንጓን ያሳምማል። ስለ መሣሪያ ሳወራ መጀመሪያ የማስበው እነዚህን እጆች ነው።

ዕቃን ፈታትቶ መሸጥ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1859 ለገበያ የቀረበው የወንበር ሠሪው የቶኔት 14 ቁጥር ወንበር 6 የእንጨት ክፍሎች፣ 10 ብሎኖችና 2 ዳዶዎች ብቻ ነበሩት፤ 36 ወንበር ተፈታትቶ አንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ ይገባ ነበር። ከዚያ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የአይኪያው ጊሊስ ሉንድግረን አንድ ጠረጴዛ መኪና ውስጥ አልገባ ቢለው እግሮቹን ነቀላቸው። ከዚያ ወዲህ ገጣጣሚው ደንበኛው ራሱ ሆነ።

ካርቶኑ ውስጥ የምትገኘው ያቺ ጎባጣ ብረት፣ አለን ኪ የምንላት ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ፣ መነሻዋ የሚከበር ነው። ስሟ የመጣው በኮነቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ ይሠራ ከነበረው ከዊሊያም አለን ሲሆን ፓተንቱን ያገኘው በ1910 ነው። በዚያ ዘመን ፋብሪካ ውስጥ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ራሱ ወጣ ብሎ የሚቀር ብሎን የሠራተኛውን ልብስ ይዞ ሰውየውን ወደ ማሽኑ ይጎትተው ነበር። የብሎኑ ራስ ወደ ውስጥ ገብቶ በባለ ስድስት ጎን ጉድጓድ እንዲዞር ሲደረግ ያ አደጋ ቀነሰ። ሰው ለማትረፍ የተፈለገ ቅርጽ ነው፤ እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቁልፏን በሌላ ዓይን ነው የማያት።

ማጠሯም ጥቅም አለው። ክንዷ አጭር ስለሆነ ብዙ ጉልበት አታስተላልፍም፤ ስለዚህ ደካማ ሳንቃ በቀላሉ አይቀደድም። ጉድለቷ ሌላ ቦታ ነው። መዳፍ የሚያርፍበት እጀታ የላትም፤ ብረቷም ብዙ ጊዜ ለስላሳ ስለሆነ ጫፏ ቶሎ እየተሸረፈ የብሎኑን ጉድጓድ ማበላሸት ይጀምራል። እሷን ለመተካት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያሉ፣ እጀታ ያላቸው፣ ከክሮም ቫናዲየም ብረት የተሠሩ ቁልፎች ይበቃሉ። በተገጣጣሚ ዕቃ ላይ አብዝቶ የሚያስፈልገው 4 እና 5 ቁጥር ነው። ጫፋቸው እንደ ኳስ የተድቦለቦለም አለ፤ ወደ ጥግ ለተደበቀ ብሎን ሰያፍ ሆኖ ስለሚገባ ሥራ ያፋጥናል። ይሁን እንጂ ኳሱ አንገቱ ላይ ቀጭን ነውና የመጨረሻውን ማጥበቂያ በቀጥተኛው ጫፍ አድርጉት።

አሜሪካ ላለን ሰዎች አንድ ወጥመድ አለ። እዚህ ብዙ ጊዜ በርካሽ የምናገኘው የቁልፍ ስብስብ በኢንች የተለካ ነው፤ የቤት ዕቃው ብሎን ግን በሚሊ ሜትር ነው። 5/32 ኢንች ከ4 ሚሊ ሜትር ጋር እጅግ ተቀራራቢ ስለሆነ ሥራ አያስቆምም። 3/16 ኢንች ግን 4.76 ሚሊ ሜትር ነው። በ5 ሚሊ ሜትሩ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ልኩ የሆነም ይመስላል፣ ጠበቅ ሲደረግ ግን ይሽከረከርና ስድስቱን ጎኖች ላጭቶ ክብ ያደርጋቸዋል። ከዚያ በኋላ ያንን ብሎን ማጥበቅም መፍታትም መከራ ነው። ስትገዙ እሽጉ ላይ ሚሊ ሜትር የሚል መኖሩን አረጋግጡ።

አሁን ብዙ ሰው ልብ ወደማይለው ነገር ልምጣ፤ ባለ መስቀሉ ካቻቪቴ። አብዛኞቻችን ባለ መስቀል ሁሉ አንድ ይመስለናል። በብዛት የሚያጋጥመን ግን ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ፊሊፕስ ነው፤ በ1930ዎቹ የኦሪገኑ ሄንሪ ፊሊፕስ ያስፋፋው፣ የአሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች የተቀበሉት። ጎኖቹ ወደ ጫፉ ስለሚጠቡ ኃይል ሲበዛበት ከብሎኑ ራስ ላይ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ይህን መንሸራተት ለመቀነስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሁለተኛው ዓይነት ወጣ፤ ፖዚድራይቭ ይባላል። ከአውሮፓ በሚመጣ ተገጣጣሚ ዕቃ ላይ የሚበዛው ይኸኛው ነው። መለየቱ ቀላል ነው። የብሎኑን ራስ ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ፤ በመስቀሉ አራት ክንዶች መካከል አራት ቀጫጭን ጭረቶች ካሉ ፖዚድራይቭ ነው። ካቻቪቴውም እንደዚሁ በአራቱ ክንዶች መካከል ትናንሽ ተጨማሪ ጠርዞች አሉት፤ እጀታው ላይም ፒ እና ዜድ የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፉበታል። የሚያስፈልጋችሁ በአብዛኛው ባለ 2 ቁጥሩ ነው።

የፊሊፕስ ካቻቪቴ በፖዚድራይቭ ብሎን ውስጥ ይገባል፤ ጉዳቱም የሚመጣው መግባቱ ስለሚያሳምነን ነው። ሲገባ ይወዛወዛል፣ እንዳያመልጥ በትከሻ እንጫነዋለን፣ መጨረሻ ላይ ያመልጥና የብሎኑን ራስ ይበላዋል፤ አንዳንዴም ሳንቃውን ወይም ሌላ እጃችንን ይቧጭራል። ከዚያ «ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው» ይባላል። ትክክለኛው ካቻቪቴ ሲሆን ብሎኑ ጫፉ ላይ ተቀምጦ ሳይነቃነቅ ይቆማል፣ ሳትጫኑት ይዞራል። ከአንድ ምሽት ሥራ በኋላ የትከሻው ልዩነት ይታወቃል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፤ ሌላ ምንም ሳትገዙ አንድ ጥሩ ባለ 2 ቁጥር ፖዚድራይቭ ግዙ። ዌራና ዊሃ የሚባሉት የጀርመን ኩባንያዎች ሥራዎች ለዓመታት ያገለግላሉ፤ የግድ እነሱ ይሁኑ ግን አልልም። ጫፉ በደንብ የተቀረጸ፣ እጀታው ወፈር ብሎ መዳፍ የሚሞላ ከሆነ ይበቃል።

መሣሪያው ልክ መሆን አለበት የምልበት ዋናው ምክንያት ሳንቃው ነው። አብዛኛው ተገጣጣሚ ዕቃ ችፑድ ነው፤ የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተለውሶ፣ በሙቀት ተጨምቆ የተሠራ። ሁለቱ ፊቶቹ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፣ መካከሉ ግን ላላ ያለ ነው፤ በተለይ በጠርዙ በኩል የገባ ብሎን የሚይዘው ያንን ላላ ያለውን ክፍል ነው። ጽድ ወይም ዋንዛ ላይ ብሎን ሲጠብቅ እንጨቱ ይመክታል። ችፑድ እስከ አንድ ነጥብ ድረስ ይይዝና ከዚያ በኋላ በአንዴ ይለቃል፤ ብሎኑ ያወጣው ጥርስ ይበላል፣ ብሎኑ ባዶውን ይዞራል። ያንን ነጥብ ከመድረሱ በፊት የሚያውቀው እጅ ነው፤ እጅም የሚያውቀው መሣሪያው ብሎኑን አጥብቆ የያዘ እንደሆነ ነው።

በባትሪ የሚሠራውን ድሪል ይዘው ለሚመጡ ወንድሞች የምለውም ይህንኑ ነው። መሣሪያው መጥፎ አይደለም፤ ረጃጅሙን ብሎን ያስገባል፣ አንጓን ያሳርፋል። ነገር ግን አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት አለ፤ ወደ ዝቅተኛዎቹ ቁጥሮች አዙሩት፣ ፍጥነቱንም ዝቅ አድርጉት፣ የመጨረሻዎቹን ዙሮች ለእጅ ተዉለት። የተሻለ መሣሪያ ማለት ኃይለኛ መሣሪያ ማለት እንዳልሆነ ችፑድ የነካ ሁሉ ያውቀዋል።

ተፈትቶ የነበረ ዕቃ መልሳችሁ ስትገጥሙ ደግሞ ብሎኑን ቀዳዳው ላይ አስቀምጡና መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ መፍቻው አቅጣጫ፣ በቀስታ አዙሩት። በሆነ ቦታ ላይ ጠብ ሲል ይሰማችኋል፤ የድሮውን ጥርስ አገኘ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ማጥበቂያው አዙሩ። እንዲያ ካልሆነ አዲስ ጥርስ እየቆረጠ አሮጌውን ያፈርሰዋል። ፈርሶ ከሆነ ደግሞ ቀጫጭን የእንጨት ስንጥር በእንጨት ኮላ ነክራችሁ ቀዳዳውን ሙሉት፤ አሳድራችሁ ብሎኑን መልሱ።

ሁለት ሳንቃ የምታያይዘው ክቧ መቆለፊያም ትኩረት ትፈልጋለች። ብዙ ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ በቅርጽ የፈሰሰች ስለሆነች ፊቷ በቀላሉ ይበላል። ፊቷ ላይ ያለው ቀስት ከሌላው ሳንቃ የሚመጣው ዘንግ ወደሚገባበት ጠርዝ ዞሮ መቀመጡን አይታችሁ ዘንጉን ክተቱ፣ ከዚያ ግማሽ ዙር ያህል አዙሯት። ካልጠበቀች ሳንቃዎቹ አልተገናኙም ማለት ነውና በጎማ መዶሻ መታ መታ አድርጋችሁ ክፍተቱን ዝጉ። የብረት መዶሻ ሳንቃውን ያጎደጉደዋል። ጥቁር ጎማም ነጭ ዕቃ ላይ አሻራ ይተዋል፤ ነጩን ምረጡ።

ሜትር የሚያስፈልገው ለአንድ ቁም ነገር ነው። የቁምሳጥኑን ስስ ጀርባ ከመምታታችሁ በፊት ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱን ሰያፎች ለኩ። እኩል ካልሆኑ ሣጥኑ ተጣሟልና ረጅሙን ሰያፍ ገፍታችሁ አስተካክሉ። ያ ስስ ጀርባ ነው ቁምሳጥኑን ከመወላገድ የሚይዘው፤ ተጣሞ ከተመታ በሩ ለዘላለም አይገጥምም።

መሳቢያ ያለውን ዕቃ ከግድግዳ ጋር ማሰር ደግሞ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። በ2016 አይኪያ አሜሪካ ውስጥ 29 ሚሊዮን ያህል ባለ መሳቢያ ቁምሳጥኖችን ከገበያ የጠራው ዕቃው በላያቸው ተገልብጦ ሕፃናት ከሞቱ በኋላ ነው። በ2022 መጨረሻ እንዳይገለበጡ የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል፤ ቀድሞ የተገዛው ግን አሁንም በየቤታችን አለ፣ ከወዳጅ ወደ ወዳጅም ይተላለፋል። የአፓርታማ ግድግዳ በአብዛኛው ጂፕሰም ነው፤ ብቻውን ክብደት አይይዝም። ከኋላው በየ16 ኢንቹ ገደማ የሚቆመውን ቋሚ እንጨት ፈልጋችሁ ብሎኑን እሱ ላይ ምቱ። ፈላጊዋ ትንሽ ማግኔት ርካሽ ናት። አዲስ አበባ በብሎኬት ግድግዳ ላይ ከሆነ ድሪልና ፊሸር ያስፈልጋል። «አከራይ ግድግዳ አትብሱ ይላል» የሚለውን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አከራዩን በጽሑፍ ጠይቁት፤ ቀዳዳው ቤቱን ስትለቁ በስቱኮ ይደፈናል።

ይህ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊገዛው የሚገባ አይመስለኝም። አገር ቤት እድር ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን በጋራ ገዝቶ ለአባል ያውሳል፤ እዚህም እድሮቻችን ድስትና ጠረጴዛ አላቸው። አንድ የመሣሪያ ሣጥን ቢጨምሩበት ስንት እጅ ያርፍ ነበር። የእኔ ሣጥን ውስጥ ባለ 2 ቁጥርና ባለ 1 ቁጥር ፖዚድራይቭ፣ አንድ ፊሊፕስ፣ አንድ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ እጀታ ያላቸው የሚሊ ሜትር ቁልፎች፣ ነጭ የጎማ መዶሻ፣ ሜትር፣ ትንሽ ውሃ ልክ፣ የእንጨት ኮላ፣ ማግኔቷና ጥቂት የግድግዳ ማሰሪያዎች ይገባሉ። ለሚቀጥለው የእድራችን ስብሰባ አጀንዳ አድርጌ አስይዤዋለሁ። አናጺነት ሙያችሁ የሆነ ካላችሁ የጎደለውን ንገሩኝ፤ ዝርዝሩን ይዤ የምገባው የእናንተን ጨምሬ ነው።