በበላተኛዋ አንደበት

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኦክታቪያ በትለር እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመችው «ፍሌጅሊንግ» ስለ ደም መጣጮች የተጻፈ ልብ ወለድ ነው፤ የሬሳ ሣጥንና ጥቁር ካባ ግን የለበትም። ሾሪ የምትባል ጥቁር ልጅ ሰውነቷ ተቃጥሎ፣ ትዝታዋ ጠፍቶ ዋሻ ውስጥ ትነቃለች። መልኳ የዐሥር ዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፤ ዕድሜዋ 53። ደጋግማ የነከሰችው ሰው በምራቋ ታስሮ ይቀራል፤ ይወዳታል፣ ካጣት ሊሞት ይችላል። ከአዋቂ ወንድ ጋርም ትተኛለች። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ አስቀመጥሁት። ዕድሜዋ 53 ነው መባሉ አላጽናናኝም፤ ደራሲዋም እንድጽናና የፈለገች አይመስለኝም።

መልሼ ያነሣሁት የደቡብ ጎንደሮቹ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ነገር ትዝ ቢለኝ ነው። በዚያ አገር ሰው ስለሚበላ ሰው ለመስማት መጽሐፍ አያሻም። ልጅ ድንገት ሲታመም «ቡዳ በላው» ይባላል። ጢስ ያጤሱበታል፣ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ያስሸትቱታል፣ «ማነህ? የት አገኘኸው?» እያሉ ያስለፈልፉታል። በሽተኛው በበላተኛው ስም ይናገራል። ስሟ የተጠራው ሴት ግን ቤቷ ነች፤ እሷን የጠየቀ የለም። ስሙ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የማን እንደሆነም የታወቀ ነው፦ የቀጥቃጭ፣ የሸክላ ሠሪ፣ የፋቂ፣ የሸማኔ፣ ቀድሞ ደግሞ የቤተ እስራኤል። ገበሬው ማረሻውን የሚያሾልለትን ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ ይፈራል። እንጀራው በሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ይጋገራል፤ ልጁን ግን ለልጇ አይድርም።

ቀጥቃጭ በሚፈራበት በዚሁ አገር፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለሙያዎችና የአገሬው ሠራተኞች ለዐፄ ቴዎድሮስ አቅልጠው የሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው፣ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል በጨጨሆ ወደ መቅደላ ተጎትቷል። የብረት ሥራ ለንጉሥ ሲሆን ክብር ነበር፤ ለብረት ሠሪው ግን ስድቡ አልቀረለትም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ፍርሃቱን ግን አዋጅ አላነሣውም።

በትለር ያደረገችው ነገር የሚያስደነግጠኝ በእኛ አገር በላተኛ የተባለችውን የሚጠይቅ ስለሌለ ነው፤ በመጽሐፉ ታሪኩን በሙሉ የምትነግረን በላተኛዋ ናት። ረሃቧን አትደብቅም። የነከሰችውን ሰው ፈቃድ ትጠይቃለች፤ አንዴ ከተነከሰ በኋላ ፈቃዱ ምን ያህል የራሱ እንደሆነ ግን እሷም አንባቢውም እርግጠኛ መሆን አይችሉም። ከሰው ዘር ተቀላቅላ ቆዳዋ በመጥቆሩ የጠሏት የገዛ ወገኖቿ ቤተሰቧን ሲፈጁባት፣ ሸንጎ ፊት ቆማ ትከራከራለች፤ ትሰማለችም።

ቢሆንም መጽሐፉን የባለእጆቻችን ጥብቅና አድርጎ ማንበብ ስሕተት ነው። ሾሪ የቱንም ያህል ብትወደድ ደም ትጠጣለች። የእስቴ ሸክላ ሠሪ ማንንም አልበላችም። ለእሷ ማዘን አይበቃም፤ ሸንጎው ይገባታል።

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ተረትና ታሪክ የምትሰበስቡ መምህራን፣ የቡዳን ነገር ስትጽፉ አስቀድማችሁ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ጠይቁ።