ጌጁ አልዋሸም

ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወደቀ ወዲህ እቤታችን አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፦ መጽሐፍ ያለበት ነገር የእኔ፣ ቅባት ያለበት ነገር የእሱ። ማንም አላወጀውም። እኔ ግን ስለሚጠቅመኝ አከብረው ነበር።

አባታችን ትቶልን የሄደው አንዲት ቮልስ ነው። ወንድሜ ጋራዥ ተቀጥሮ ካጠራቀማት ላይ እየቆነጠረ ሞተሯን አሳደሰ፤ በአንድ ካርቡራተር ፈንታ ሁለት አደረገላት፤ ማርሚታዋንም ከነቱቦው ለወጠ። አሜሪካ ያለችው አክስታችን ደግሞ የአየርና የቤንዚኑን መጠን የሚያሳይ ጌጅ ላከችለት። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነበርና በሕጋችን መሠረት ወደ እኔ መጣ።

አነበብኩና አስረዳሁት። አንድ ኪሎ ቤንዚን አጥርቶ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ቁጥሩ ከዚያ ከበለጠ ቤንዚን አንሷል፤ ከወረደ ደግሞ በዝቷል። መኪናዋን አስነሥተን በሚኒሞ ስናቆያት ጌጁ 17 አለ።

«ቤንዚን አንሷታል፤ ጂግለሩን አስፋው» አልኩት፣ መድኃኒት እንደሚያዝዝ ሐኪም።

አሰፋው። ቁጥሩ ብዙም አልወረደም። እንደገና አሰፋው። አሁንማ ጭራሽ 18 ገባ። መኪናዋ ግን ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ካንዴላዎቹ ተፈተው ሲታዩ ጥላሸት ለብሰዋል፤ የሞተሩ ዘይት ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ነዳጅ ረገጥ አድርገን ሞተሩን ስናስጮኸው ደግሞ ያው ጌጅ 11 ይላል።

«እኔ እኮ ከኋላ ቲስ ቲስ የሚል ነገር ይሰማኛል» አለ ወንድሜ።

«ባክህ ዝም በል! ቁጥሩ እዚህ ቁጭ ብሎ የለም እንዴ? ካንተ ጆሮ ጌጁን አምናለሁ።»

ዝም አለ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ የፈተናው ውጤት የመጣ ዕለትም እንዲሁ ነበር ዝም ያለው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማታ እራት ላይ «ቤንዚኗን አልቻልኩም፤ ገዢ አግኝቼላታለሁ» አለ። እናታችን እንጀራውን እንደያዘች እጇ ቆመ። እኔም ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ፤ መግቢያ ነው ብዬ የዘለልኩትን። ለካ ጌጁ ቤንዚን አይለካም! ሴንሰሩ የሚቀምሰው ከተቃጠለው ጭስ ውስጥ የተረፈውን ኦክሲጅን ነው፤ ቤንዚኑን ከዚያ ተነሥቶ ይገምታል። ታዲያ ከሴንሰሩ በፊት ቱቦው ቀዳዳ ቢኖረውስ? ጭሱ የሚወጣው በትርታ ነው። በአንዱ ትርታና በሌላው መካከል ቱቦው የውጭውን አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሴንሰሩም ያንን አየር ቀምሶ «ቤንዚን አንሷል» ይላል። ጭሱ ጥቂት በሆነበት በሚኒሞ ስሕተቱ ይጎላል፤ ሞተሩ ሲጮህና ጭሱ ሲበረክት ይደበዝዛል። ቤንዚኑ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ካንዴላው አልፎ አልፎ ማቀጣጠል ያቅተዋል፤ ያልተነካው ኦክሲጅን እንዳለ ይወጣና ቁጥሩን ይብስ ያንረዋል። ቤንዚን በጨመርን ቁጥር ጌጁ «ጨምሩ» ያለን ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ ለወፍራም አየር የተለካውን ቤንዚን ለቀጭኑም ያፈሳል። እኛ አገር ጂግለር ቢጠብ እንጂ ቢሰፋ ደግ አልነበረም።

ሲነጋ ወንድሜን «ያ ድምፅ የቱ ጋ ነበር?» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ፤ መልስ አልሰጠኝም። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እንደሆነ አስነሣና የማርሚታውን አፍ በወፍራም ጨርቅ አፈን አድርጌ እንድይዝ አዘዘኝ፤ እሱ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ አፈሰሰ። ከሴንሰሩ ወዲህ ካለው መጋጠሚያ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል።

ጓርኒሲዮኑን ቀየረ። ጌጁ በሚኒሞ ከ11 በታች ወረደ፤ በእኔ ትእዛዝ ያፈሰስነው ቤንዚን ሁሉ አሁን ታየ። የድሮውን ጂግለር መለሰና ዘይቱን ቀየረ፤ 13 ተኩል ላይ ረጋ። ለገዢው ደውሎም «ትቼዋለሁ» አለው።

እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ። ምስክሩ ማን ነው? ወሬውስ በየት አልፎ መጣ? ብዬ መጠየቅ ተምሬያለሁ፤ ተፈትኜበታለሁም። ጌጁ የደረሰውን በታማኝነት ተናገረ፤ አልዋሸም። መጋጠሚያው ጋ ቆሞ በጆሮው የሰማውን ምስክር ዝም ያሰኘሁት ግን እኔ ነኝ፤ ያውም ፈተና ስለወደቀ።

ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ቅባት በነካው እጁ መመሪያውን አቀበለኝ። «የቀረውን አንብብልኝ» አለ።

ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩለት። በየአንቀጹም እያቆምኩ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» እለው ነበር።