እስቲ አብረው ያጥኑ

የ12ኛ ክፍል ልጆች ሰብሰብ ብለው ሲያጠኑ ሳይ ደስ ይለኛል። አንዳንድ ወላጅ «ጥናት ሳይሆን ወሬ ነው» ይላል። ወሬው አይጠፋም፤ ግን ጠጋ ብላችሁ ስሟቸው።

አንዷ ኬሚስትሪ ለጓደኛዋ ታስረዳለች። «24 ግራም ካርቦን ለ12 ሲካፈል 2 ሞል።» «ለምንድነው የምናካፍለው?» ሲላት ዝም አለች። ፎርሙላውን ሸምድዳዋለች እንጂ ምክንያቱን አስባበት አታውቅም። ደብተሯን ወደ ኋላ ገልጣ አብረው ፈለጉት። ብቻዋን ብታጠና ኖሮ ይህን ጥያቄ ማን ይጠይቃት ነበር?

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ከጥንት ያውቁታል። የኔታ ሁሉንም ብቻቸውን አያስተምሩም፤ ቀድሞ የገባው ተማሪ አዲሱን ያስጠናል፣ እያስጠናም የራሱን ያጸናል።

በአሜሪካም የሒሳብ ሊቁ ዩሪ ትራይስማን በበርክሌይ ካልኩለስ የከበዳቸውን ጥቁር ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተከታትሎ ነበር። ትጋት አልጎደላቸውም፤ ብዙዎቹ የሚያጠኑት ለየብቻ ነበር። የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ግን አብረው እየሠሩ ይተራረሙ ነበር። ለጥቁር ተማሪዎቹም ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን በቡድን የሚሠሩበት መርሐ ግብር ሲከፍትላቸው ውጤታቸው በጣም ተሻሻለ።

በትእዛዝ በሚዋቀር «1 ለ 5» የጥናት ቡድን ግን ብዙም አላምንም። አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ ሌላው ይገለብጣል። ተፈላልገው የተገናኙ ሦስት አራት ልጆች ይበቃሉ፤ መጀመሪያ ሁሉም ለየብቻው ይሞክር፣ ያልገባውን ይዞ ይምጣ።

ወላጆች፣ እባካችሁ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ሻይ አፍሉላቸው።